የእትዬ ሙላቷ ክትፎና የእናቴ ቅቤ

የእትዬ ሙላቷን ቤት አፈረሷት። ባለፈው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ ከወልቂጤ መጥቼ፣ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ውስጥ ገና መቀመጤ ነው፤ ጣሪያዋ ተነሥቶ፣ ግድግዳዋ እስከ ወገቧ ተንዶ፣ ያ ሰማያዊ ቀለሟ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። "መንገድ ሊሰፋ ነው" አለኝ ባለ ባጃጁ። እንደማያውቅ ሰው ሆኜ የምን ቤት እንደነበር ብጠይቀው፣ "እኔንጃ እናቴ፣ የሆነ መጋዘን ነገር ነበር መሰለኝ" አለኝ። መጋዘን ይላል። እዚያ ቤት የተበላው ክትፎ በመስመር ቢደረደር ከቡታጅራ ተነሥቶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የእናቴና የአባቴ ትዳር ሊፈርስ አንድ ጉርሻ ቀርቶት የነበረው እዚያ ቤት ነው። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናግሬ ውሸታም የተባልኩት እዚያው ነው። ከፍርስራሹ መሐል የቅቤ ሽታ መጣብኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ። የመጣብኝ አቧራ ነው። ግን ያው እንባ ማምጣቱ አልቀረም።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ጃንሆይ ገና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ነበሩ፤ ይህ ይበቃል። እኔ ዘመን የምለካው በዋጋ ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ዳቦ አምስት ሳንቲም፣ ነጭ ሸራ ጫማ ሦስት ብር የነበረበት ጊዜ ነው። ሸራ ጫማ ያላት ልጅ ዝናብ ሲመጣ ጫማዋን አውልቃ ብብቷ ሥር ትይዝና በባዶ እግሯ ትሮጣለች፤ እግር ይታጠባል፣ ሸራ ግን አንዴ ጭቃ ከነካው በቃ ጭቃ ነው። ካፖርት ያለው ወንድ በጠራራ ፀሐይም ካፖርቱን አያወልቅም፤ ካወለቀው እንዳለው በምን ይታወቅለታል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ የሚጭነው ዕቃ ከራሱ ከአውቶቡሱ ስለሚበልጥ፣ ከሩቅ ሲታይ መኪና ሳይሆን ቤት ተነሥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር። እሱ በሚቆምበት ጥግ ላይ ነበር የእትዬ ሙላቷ ሆቴል። ከበሩ በላይ ጥቁር ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ ከጧት እስከ ማታ ሸክላ ይዘፈንበታል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ዘፈን የሌለበት የለም፤ እያንዳንዱ ባጃጅ የራሱን ይጮኻል፤ የማንንም ዘፈን ግን አንድም ሰው ቆሞ ሲሰማ አላየሁም። ያኔ አንድ ሸክላ ሲጀመር በርበሬ የጫነች አህያ ሳትቀር ትቆም ነበር። እሺ፣ አህያዋ የምትቆመው ባለቤቷ ስለሚቆም ነው። ግን ትቆም ነበር።

ቤታችን ከቡታጅራ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ መስቃን ውስጥ ነበር። አባቴ አቶ ዘርጋ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ ልበል? አይ፣ አባቴን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ ዛሬ ብጀምር ይስቅብኛል። አባቴ ረጅም ነበር። ረጅም ስላችሁ፣ ደመና ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስነጥሰው እሱ ነው። በማያውቀው ቤት ሲገባ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ሳያጋጭ ገብቶ አያውቅም፤ የአገሩ ሰው "ማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም ነበር፣ ድም ሲል ዘርጋ መምጣቱን ያውቃል። ሁለተኛ ቀን ከመጣ ግን ቤቱን ለምዶታልና ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሌላው ልማዱ ማንጎራጎር ነበር። በርበሬ ሲለቅም የሚያንጎራጉረውን ነገር ዜማውንም ሆነ ቃሉን እኔ ለይቼው አላውቅም፤ ድምፁ የተቀደደ ጆንያ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ ብርነሽ ደግሞ አጭርና ዝምተኛ ናት፤ የምትናገረው በአፍንጫዋ ነው። ታሸታለች። ማን የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር ምን እንደበላ፣ ጋቢውን አሽትታ ትነግራችኋለች። እሷ የምትኮራበት አንድ ነገር ቅቤዋ ነበር። በኛ አገር ቅቤ የሴት ነው። ጎረቤት ሴቶች ውጆ ይገባሉ፤ ሁሉም ያላትን ቅቤ ተራው ለደረሳት ሴት ታመጣለች፣ እንዲህ በየተራው የሁሉም ማሰሮ ይሞላል። ወንድ እጁን ማስገባት ቀርቶ ክዳኑን መክፈት ነውር ነው። አባቴ ከብቱ የኔ ነው ይል ነበር፣ መሬቱም የኔ ነው ይል ነበር፤ ቅቤው የኔ ነው ያለ ቀን ግን ሽማግሌ ይጠራበታል። እናቴ ሁለት የቅቤ ዕቃ ነበራት። አንዱ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ማሰሮ ነው፤ በሱ ውስጥ ያለው ያልተነጠረው ነው። ሌላዋ ትንሽ ቅል ናት፤ ምሰሶው ላይ፣ ከሁሉ በላይ በተሰካው እንጨት ትንጠለጠላለች። በእሷ ውስጥ ያለው ንጥር ለመስቀልና ለአራስ ብቻ ነው የሚወርደው። እናቴ እሷን ለማውረድ በርጩማ ላይ ትወጣለች፣ በርጩማው ላይ ደግሞ በእግሯ ጣት ትቆማለች፣ በእግሯ ጣት ቆማም ትንፋሿን ትይዛለች።

አሁን ኃጢአቴን ልንገራችሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ቡታጅራ ነበር የምማረው። በእትዬ ሙላቷ ደጅ ሳልፍ እግሬ አልሄድ ይለኛል። አንዱ ሸክላ ባቡር ጣቢያ ላይ ስለቀረች ልጅ ነበር። እኛ አገር ባቡር የለም፤ እኔ ግን ከልጅቷ እኩል እዚያ ጣቢያ ላይ ቀርቻለሁ። እትዬ ሙላቷ በዚያ አገር ጉርድ ቀሚስ ለብሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትቆም ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ የወርቅ ጥርስ ያላት። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አየችኝና "ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። "ያቺን የባቡሯን ድገሚልኝ" አልኳት። ሳቀች። "ምን ትሰጪኛለሽ?" "ምን ልስጥሽ?" "የማን ልጅ ነሽ?" የማን እንደሆንኩ ስነግራት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ "የናትሽ ቅቤ ጥሩ ነው ይባላል" አለችኝ። በቃ፣ ውላችን ይኸው ሆነ፦ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ አንድ ሸክላ። ከትልቁ ማሰሮ እየዛቅሁ፣ በኮባ ቅጠል እየጠቀለልኩ፣ በሒሳብ ደብተሬ መሐል አድርጌ እወስድላት ጀመር። ያ ደብተር ዛሬ ቢገኝ ክትፎ ይለወስበታል። የቅቤያችንን ዝና ከማን እንደሰማች ለመጠየቅ ግን አላሰብኩም። ያኔ የምጠረጠረው እኔ ነበርኩ፤ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ አባቴን መጠርጠር ጀመረች። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ከገበያ ሲመጣ አይርበውም። ሰው ጧት ወጥቶ፣ በርበሬ ተሸክሞ፣ ሲከራከር ውሎ፣ ማታ መጥቶ አይርበውም።

"ምን በልተህ ነው?" ትለዋለች።

"ቆሎ ቆርጥሜ ነው።"

"ቆሎው ቅቤ ነበረው?"

"ቆሎ ቅቤ አለው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ጢምህ ያብረቀርቃል።"

አባቴ ጢሙን በጋቢው ጫፍ ይጠርግና በርበሬውን መልቀም ይጀምራል። እሷ ደግሞ ሲተኛ ያንኑ የጋቢ ጫፍ ታሸታለች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይገባኝም። የኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ትልቁን ማሰሮ እንዳትከፍት። ለመስቀል ዝግጅት ከፈተችው። ውስጡን አየች፣ መልሳ ከደነችው፣ ምንም አላለችም። በመስቀል ጠብ የለም፤ የተጣላ ሁሉ ታርቆ ነው የሚበላው። ወንድሟ ጋሼ ድንበሩ ከመርካቶ መጣ፣ እንደየዓመቱ። ካፖርቱን ሳያወልቅ አንድ ሳምንት ሙሉ በላ። በሬው ታርዶ አለቀ፤ የጋሼ ድንበሩ ሰዓት ማሰሪያ ጠበበው። መመለሻው ሲደርስ፣ ማክሰኞ ጧት፣ እናቴ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ ላይ አስቀመጠች።

"ወንድሜ፣ አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው።

ጋሼ ድንበሩ ቋጠሮውን አየ፣ አባቴን አየ። "ምን አድርጓት ነው?"

"ጠይቃት" አለ አባቴ።

"ቅቤዬ ሄዷል" አለች እናቴ። "የሄደበትንም አውቃለሁ። ሰውዬው ሲመጣ አይርበውም፤ ልብሱ እንደዚያች ባለ ሆቴል ቤት ይሸታል። እኔ ያጠራቀምኩትን ሌላ ሴት ቤት ተቀምጦ የሚበላ ባል አልፈልግም።"

"እኔ ያቺን ሴትዮ በመንገድ ካልሆነ አላውቃትም" አለ አባቴ። "ቤቷ ገብቼም አላውቅ።"

ጋሼ ድንበሩ የመርካቶ ሰው ነው፤ ሳያይ አይገዛም፣ ሳይቀምስ አይፈርድም። ቢወስዳት ሦስት ልጆቿን ጥላ እንደምትሄድ እኛም እሱም እናውቃለን፤ ሁለቱ ታናናሾቼ ቋጠሮው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ክብደት የሚጨምሩ መስሏቸው። አባቴ ነው መፍትሔውን ያመጣው። እስከ ዛሬ ያን ድፍረቱን አደንቃለሁ። "ሁላችንም እንሂድ" አለ። "እዚያው እሷ ቤት ምሳ እንብላ። ሴትዮዋ ታውቀኝ እንደሆነ ዓይኗን እዩ። አውቶቡሱ በስምንት ሰዓት ነው የሚነሣው። እኔ ከዋሸሁ ብርነሽ ትሂድ፤ እኔ ራሴ ቋጠሮዋን ጣሪያው ላይ እጭናለሁ።" ለመጫን መሰላል እንደማያስፈልገው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ተሰልፈን ሄድን። ሳምንት ሙሉ ክትፎ በልተን፣ ክትፎ ልንገዛ ነው የምንሄደው፤ መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ያበድን መስሎት ይሆናል። እናቴ ቋጠሮዋን በጀርባዋ አዝላ ከፊት። ጋሼ ድንበሩ በካፖርቱ። አባቴ ከኋላ፣ ዛሬ ሳያንጎራጉር። እኔ በመሐል፣ ሁለቱን ታናናሾቼን እየጎተትኩ። ምን ይሻላል? እትዬ ሙላቷ "እንዴት ነሽ ትርፌ፣ ዛሬስ ምን አመጣሽልኝ?" ብትለኝ ምን ይውጠኛል?

ገባን። ከዋናው በር ወደ ውስጠኛው ክፍል መተላለፊያ ላይ ዝቅ ያለ ወራጅ ነበር፤ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን የሚመታበት። ጋሼ ድንበሩ እንኳን፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነው፣ ባርኔጣውን አስመታው። እኔ ከኋላ ሆኜ የአባቴን ድምታ ስጠብቅ ምንም አልሰማሁም። ጎንበስ ብሎ አልፏል። ያኔ "ዛሬ ተጨንቋል፣ ቁመቱም ቀንሷል" ብዬ አለፍኩት።

ጠረጴዛዎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ አበባ ያለበት ላስቲክ ተነጥፎባቸዋል። ግድግዳው ላይ ጃንሆይ፣ ከሥራቸው ትልቅ መስታወት። እትዬ ሙላቷ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። እኔን አየችኝ፤ ዓይኔን ወደ ላስቲኩ አበባ አወረድኩ። አባቴን አየችው፤ እሱ ጃንሆይን ያይ ነበር። "እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ አላውቃችሁም ልበል?" አለች። ጋሼ ድንበሩ ዓይኗን በደንብ መረመረው። "አታውቂንም። ክትፎ አምጪልን" አላት።

ክትፎው በጣባ፣ ኮባ ላይ ተደርጎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር መጣ። ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር አንዱ፤ ለዚያ ዋጋ ሁለት ቤተሰብ ይጠግብበታል፣ አንድ ጋሼ ድንበሩም ይጠግብበታል። ቆጮው በስሱ ተቆርጧል። ቆጮ በስሱ የሚወደው ከኛ ቤት አባቴ ብቻ ነው፤ እናቴ ቆጮውን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ አሳልፋ አየችበት፣ አስቀመጠችው። ማንም አልጀመረም። ጋሼ ድንበሩ "እንግዲህ ልመርምር" ብሎ የቀንድ ማንኪያውን አነሣ። መረመረ። ሁለተኛ መረመረ። "እስካሁን ምንም አላገኘሁም" አለና ሦስተኛ መረመረ። እኔ አንድ ጊዜ ጎርሻለሁ፤ ፍርሃቴ ጣዕሙን በላው፣ የጋቢ ቁራጭ ያኘክሁ ነው የመሰለኝ።

እናቴ ትንሽ፣ የጥፍሯን ያህል ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። አላኘከችም፤ ዝም ብላ ያዘችው። በሩ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ እየዘፈነ ነበር። ያቺኑ፣ ባቡር ጣቢያ የቀረችዋን።

"ይሄ ቅቤ የኔ ነው" አለች።

"ብርነሽ፣ ቅቤ ቅቤ ነው" አለ ጋሼ ድንበሩ፣ አፉ ሙሉ።

"አንተ ካፖርትህን ከሌላ ሰው ካፖርት አትለይም?"

ጋሼ ድንበሩ ካፖርቱን ነካ፣ መብላቱን አቆመ።

"ከገበያ ነው የምገዛው፣ እትዬ" አለች እትዬ ሙላቷ፣ ማስታጠቢያውን እንደያዘች።

"የኔ ቅቤ ገበያ ወጥቶ አያውቅም።" እናቴ ተነሥታ ቋጠሮዋን ከወንበሩ ሥር ሳበች። "ወንድሜ፣ አውቶቡሱ ሳይሞላ።" አባቴ በጋቢው ተጠቀለለ። ያ ሁሉ ቁመት ወንበሩ ውስጥ ገብቶ አለቀ። ታናሽ እኅቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ታናሽ ወንድሜም እኅቴ ስታለቅስ የሷን ቆጮ እየበላ አለቀሰ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ቅቤውን እኔ ነኝ የወሰድኩት። ለዘፈን። አንድ ማንኪያ በአንድ ሸክላ። አባዬ ምንም አያውቅም። እሷን ጠይቂያት።"

ሸክላውም ከቃሌ እኩል አለቀ። "እውነቷን ነው" አለች እትዬ ሙላቷ፣ ሳትጠየቅ፣ በጣም ቶሎ። "ልጅቷ ነች የምታመጣልኝ። ልጅ ነች ብዬ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።" አባቴ አፉን ከፍቶ አየኝ። ያን አስተያየት ለብዙ ዓመት "ልጄ ሌባ ሆነች" የሚል ኀዘን ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

እናቴ እኔን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ አባቴን አየች። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ክትፎው አጠገብ አስቀመጠችው።

"ድንበሩ፣ አንተ ሂድ" አለችው።

"አመንሻት?"

"አላመንኳትም። ለአባቷ ስትል ነው የምትዋሸው። ተመካክረዋል።" የቋጠሮውን ነጠላ ፈታች። "በአሥራ አምስት ዓመቷ እንዲህ አድርጋ ከዋሸችለት፣ እኔ ሄጄ እነዚህ ሁለቱ ሲያድጉ ምን ሊሆኑ ነው? እነሱን ለዚህ ሰው ጥዬ አልሄድም።"

ትዳሩ በዚህ ተረፈ። በኔ እውነት አይደለም፣ ውሸት ነው በተባለው እውነቴ። ጋሼ ድንበሩ የቀረውን ክትፎ "ይባክናል" ብሎ ጨረሰና በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ነጭ ሸራ ጫማ ይዞልኝ መጣ። ምንም ሳይል እግሬ ሥር አስቀመጠው። ይቅር ብሎኛል ብዬ አለቀስኩ። ሰርቄ እያለ ጫማ የገዛልኝ አባት፣ እንዲህ ያለ ደግ አባት አለ ወይ እያልኩ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስቀናሁ።

ከእናቴ ጋር ግን በዚያው ቀረን። ቂም አይደለም፤ ትመግበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ስታመም ትጨነቃለች። ቅቤዋ አጠገብ ግን አላስጠጋችኝም። ውጆ ሲደርሳት እኔን ውኃ ትልከኛለች። ቅቤ ሲነጠር በሩን ትዘጋለች። እኅቴ ስታገባ አንድ ማሰሮ ቅቤ ሰጠቻት፣ ለኔ ሠርግ የሰጠችኝ ምንጣፍ ነው፤ ጥሩ ምንጣፍ ነበር፣ ግን ክትፎ አይለወስበትም። አባቴ ሞተ፣ ጋሼ ድንበሩ ሞተ፣ እትዬ ሙላቷ ሆቴሉን ሸጣ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። እኔ ሃምሳን ተሻገርኩ። እናቴ በመጣሁ ቁጥር እቅፍ አድርጋ ትስመኛለች፤ ስትስመኝም አንገቴ ሥር ሳብ ታደርጋለች፣ ታሸተኛለች። ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ውሸቴን ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ያን ፍርስራሽ አይቼ መስቃን ስደርስ ዝም ማለት አልቻልኩም። "የሙላቷን ቤት አፈረሱት" አልኳት። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

"ጥሩ" አለች።

"እማዬ፣ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። አባዬም የለም። አሁን ለማን ብዬ እዋሻለሁ? እኔ ነበርኩ። ከትልቁ ማሰሮ በማንኪያ እየዛቅሁ፣ በኮባ ጠቅልዬ።"

አንገቷን ቀስ ብላ አዞረች። "ከየትኛው?"

"ከትልቁ። ከጓዳው።"

"ከቅሏስ?"

"ቅሏ ጋ በምን እደርሳለሁ? በርጩማ ላይ ቆሜ እንኳን አልደርስም ነበር። ያኔ አጭር ነበርኩ።"

እናቴ ጣቷን ወደ ጓዳው ቀሰረች። "ትልቁ ማሰሮ ያልነጠረ ነው" አለች። "አንቺ ወሰድሽ ቢባል ሴትዮዋ በራሷ ቅመም ነበር የምታነጥረው። እኔ እዚያ ቤት የቀመስኩት ከዘቢዳር ተራራ እናቴ ያመጣችልኝ ጦስኝ ነበረበት። ጦስኝ የነበረው ቅሏ ውስጥ ብቻ ነው። ቅሏን ያለ በርጩማ የሚያወርድ ሰው እዚህ ቤት አንድ ነበር።"

ያ ዝቅ ያለ ወራጅ ትዝ አለኝ። ያልሰማሁት ድምታ። በስሱ የተቆረጠው ቆጮ። ሦስት ብር የወጣበት ነጭ ሸራ ጫማዬ።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"ድንበሩ ፊት ብናገር ግድ ይወስደኝ ነበራ። እኔ ደግሞ ልቀር ወስኛለሁ።" ትንሽ አሰበች። "ስለዚህ ሁለታችሁም ናችሁ።"

"ሁለታችንም ነን።"

"እኔ አንቺን ውሸታም ብቻ ነሽ ብዬ ነበር የማስበው" አለች። "ሌባም ነሽ ለካ።" ይህን ስትል ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ልጇን አጥታ አሁን ያገኘቻት ነው የምትመስለው። ተደግፋ ተነሣች፣ ይዛኝ ገባች። ምሰሶው ያው ነው፣ እንጨቱም ያው፣ ቅሏም እዚያው ከላይ ናት። "ቁመቱን ወርሰሻል። አውርጂያት" አለችኝ። ያለ በርጩማ አወረድኳት። ክዳኗን ከፍታ፣ ማንኪያ ሙሉ ዝቃ፣ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። የጦስኙ ሽታ ቤቱን ሞላው። ያን ሽታ እኔ በሙላቷ ቤት አላሸተትኩም፤ በፍርሃት ምክንያት ይሁን በሞኝነት እንጃ።

"ዋጋው አንድ ማንኪያ ነው ያልሽኝ አይደል?" አለች፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ። "በይ ዝፈኚ። ያቺ የምትሞችላት የትኛዋ ነበረች?"

ዘፈንኩላት። ድምፄ ከአባቴ የተሻለ አይደለም፤ ግን አንድ ቃል አልሳትኩም፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ ልጅቷ ስትሮጥ፣ ጣቢያው ባዶ ሲቀር። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ያኔ ክትፎውን አፏ ውስጥ እንደያዘችው አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ አልከፈተችም።

"ይቺን አውቃታለሁ" አለች። "አባትሽ በርበሬ ሲለቅም ያንጎራጉራት ነበር። ይሄ ሰው ባቡር የት አይቶ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ገረመኝ።"

ቅሏን ተቀብላ ክዳኗን አጥብቃ ገጠመችና መልሳ ሰጠችኝ።

"ስቀያት" አለችኝ። "ከፍ አድርገሽ።"